የትኛውን ክር ላውጣ? መጀመሪያ ማን እንደሚያጥበው ጠይቁ

አልጋዬ ሥር ሁለት ሻንጣ አለ። አንዱ የጉዞ ነው፣ ባዶውን ተኝቷል። ሌላው መዘጋት ካቆመ ቆይቷል። ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ አላስወጣ ሲለኝ ምንጣፍ ላይ ዘረገፍኩትና ቆጠርኩ። 43 ጥቅል ክር፣ ከዛ ሌላ አንድ ፌስታል ሙሉ ቁርጥራጭ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ አየና «ሱቅ ልትከፍቺ ነው እንዴ?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ሹራብ የሚሠራ ሰው ይገባዋል። መሥራቱ አንድ ሱስ ነው፣ ክር መግዛቱ ሌላ ሱስ። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን ክምችት «ስታሽ» ይሉታል፤ ዕድሜ ልክ ቢሠራበት ለማያልቅ ክምችት ደግሞ «ሳብል» የሚል የቀልድ ስም አውጥተውለታል። እኔ ጎተራ ነው የምለው። ጎተራው ባዶ ሳለ ጣጣ የለም፣ ያገኛችሁትን ታነሳላችሁ። ሲሞላ ነው ሰው ምርጫ ውስጥ ገብቶ ግማሽ ቀን የሚያጠፋው።

ብዙዎቻችን የምንመርጠው በቀለም ነው። ከዛ በልስላሴ፣ ጉንጭ ላይ እያደረግን። እኔም እንደዛው ነበርኩ፣ አንድ ቀን ዋጋዬን እስካገኝ ድረስ።

አሜሪካ ያለችው አክስቴ የሜሪኖ ሱፍ (ሜሪኖ ፀጉሩ ቀጭን የሆነ የበግ ዘር ነው) ይዛልኝ መጣች። ባለ 50 ግራም አራት ጥቅል፣ ቀለሙ የለጋ ቅቤ። ለእህቴ የመጀመሪያ ልጅ ሹራብ ሠራሁበት። ሁለት ወር ፈጀብኝ፣ ምክንያቱም የምሠራው ማታ ማታ ብቻ ነው፣ እሱም መብራት ካለ። ለክርስትናው ለበሰው፣ ያላደነቀ አልነበረም። በሳምንቱ እህቴ ደወለች፤ ድምጿ ልክ አይደለም። ፍል ውሃ፣ የዱቄት ሳሙና፣ ከዛ በሁለት እጅ ፈትግ ፈትግ። ሹራቡ ከሳፋው ሲወጣ ለአሻንጉሊት እንኳ የሚበቃ አልነበረም። እንደ ምንጣፍ ጠጥሯል። ያጠበችው ልጅ ምን አጠፋች? የሕፃን ልብስ እንደሚታጠበው ነው ያጠበችው። ክሩን ስመርጥ ማን እንደሚያጥበው ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ከዛ ወዲህ ጎተራዬን የምከፍለው በቀለም አይደለም፣ በአጣቢ ነው። እኔ ራሴ የማጥበው አንድ ጎን፣ ሌላ ሰው የሚያጥበው ሌላ ጎን። ከታች የምነግራችሁ ንጽጽር ሁሉ በዚህ ዓይን የታየ ነው።

አክሪሊክ፦ የሚናቀውና የሚኖረው

እኔ ከመርካቶ ከገዛሁት ክር አብዛኛው አክሪሊክ ነው። ሻጩ «ንጹህ ሱፍ ነው እህቴ» ቢላችሁ አትቆጡት። በኛ አገር ሱፍ የሚለው ቃል ብዙ ተሸክሟል፤ ሙሽራው የሚለብሰውም ሱፍ ነው፣ በጾም የምንፈተፍተውም ሱፍ ነው፣ ክሩም ሱፍ ቢባል ምን ይደንቃል።

አክሪሊክ ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦርሎን በሚል ስም ማምረት የጀመረው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስለዚህ ከአያቴ በዕድሜ ያንሳል። ጥሩ ጎኑን ልቁጠርላችሁ ብል ይመሽብኛል፤ አይኮማተርም፣ ብል አይበላውም፣ በሳፋም በማሽንም ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ቀለሙ ቶሎ አይለቅም፣ ዋጋውም ለጀማሪ አይከብድም። የሕፃን ልብስ በቀን ሦስቴ በሚቀየርበት ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

መጥፎ ጎኑ ደግሞ አለ። ላብ አይጠጣም፣ ቀን ፀሐይ ሲወጣ ውስጡ ያለው ልጅ ይቀቀላል። ብብት ሥርና ክርን ላይ ቶሎ ትንንሽ እንክብል ያወጣል፣ በተለይ ርካሹ። እና ካውያ! ካውያ አታስጠጉት። አንዴ እንፋሎት ከነካው ክሩ ይልማል፣ ያብለጨልጫል፣ ተዘርግቶ ይቀራል፤ አጥባችሁም አትመልሱትም። አንዳንድ ሰው ሻርፕ እንዲልምለት ብሎ ሆነ ብሎ ያደርገዋል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር ልበላችሁ። አክሪሊክ እሳት ሲነካው ይቀልጣል፣ የቀለጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና በሚፈላበት ቤት፣ መዳህ የጀመረ ልጅ ካለ፣ ሰፊ እጅጌና የተንጠለጠለ ክር ያለው ሹራብ አትሥሩለት።

ሱፍ፣ እውነተኛው

እያንዳንዱ የበግ ፀጉር ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነገር አለ፣ በዓይን አይታይም። ሙቀት፣ ሳሙናና መፈተግ አንድ ላይ ሲመጡበት ቅርፊቱ እርስ በርስ ይጠላለፋል፣ ከዛ ወዲያ መላቀቅ የለም። የእህቴን ልጅ ሹራብ የበላው ይሄ ነው። ፍል ውሃው ብቻውን ያን ያህል አያደርገውም ነበር፤ ፈትጉ ነው የጨረሰው።

ስለዚህ ሱፍ እንዴት እንደሚታጠብ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የምሠራው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የፀጉር ሻምፑ፣ ሩብ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ሳያሹ መጭመቅ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ውሃውን ማስመጠጥ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንጥፎ ማድረቅ። ገመድ ላይ ከሰቀላችሁት ውሃው ወደ ታች እየጎተተ ቀሚስ ያደርግላችኋል። ይሄን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ስጦታ ከምትሰጧቸው ውስጥ ስንት አለ? እኔ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ሁለት ናቸው፣ አንዷ እኔ ነኝ።

ግን ለነዚያ ሁለቱ ሱፍን የሚያክል የለም። የክብደቱን ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት መጥጦ እንኳ ሲነኩት ረጠብኩ አይልም። ለአዲስ አበባ ክረምት፣ ጠዋት ካፊያ ከሰዓት ፀሐይ ለሆነው ነገር፣ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። እሳትም ቶሎ አይይዘውም። ሳይታጠብም ብዙ ይለበሳል፣ ነፋስ ላይ ማሳደር ይበቃዋል።

«ሱፍ ይበላኛል» የሚል ሰው ካለ ምክንያቱ ውፍረቱ ነው። ከ30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በላይ የወፈረ ፀጉር ጫፉ አይታጠፍም፣ ቆዳ ይወጋል። ሜሪኖ ከ24 ማይክሮን በታች ስለሆነ ነው አንገት ላይ የሚቻለው። ዘመድ ከመንዝ አንድ ልቃቂት በእጅ የተፈተለ ሱፍ አምጥቶልኛል፤ ለባና የሚሆነው ዓይነት፣ ሻካራ፣ እስካሁን በግ በግ ይሸታል። እወደዋለሁ። ሹራብ ግን አልሠራበትም። ቦርሳ ይሆናል፣ የወንበር መቀመጫ ይሆናል፣ ለአንገት ግን በፍጹም።

መሀል ላይ ደግሞ «ሱፐርዎሽ» የሚባል ሱፍ አለ። ቅርፊቱ በክሎሪን ይለሰልስና በጣም ስስ በሆነ የፕላስቲክ ዓይነት ይሸፈናል፣ ስለዚህ አይጠላለፍም፣ ማሽንም ይችላል። አክስቴ አሁን የምትልክልኝ ይሄንን ነው፣ እኔው ለምኛት። ሲረጥብ ግን ይለጠጣል፣ መጀመሪያ ስታጥቡት እጅጌው ጉልበት ድረስ ወርዶ ታገኙትና ልባችሁ ቀጥ ይላል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ልክ ከመወሰናችሁ በፊት ናሙና ማጠብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ናሙና ስል፣ አሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር የሆነች ቁራጭ። ሁሉም መመሪያ ሥሩ ይላል፣ ሁላችንም እንዘላለን። እኔ አሁን አልዘልም፣ የማደርገው ግን ትንሽ ይለያል። ናሙናውን እኔ አላጥበውም። ለሚለብሰው ሰው ቤት እሰጣለሁ፣ «ከሌላው ልብስ ጋር አብራችሁ እጠቡልኝ፣ ምንም የተለየ ነገር እንዳታደርጉ» ብዬ። በሳምንቱ ስቀበል ክሩ ለዛ ቤት ይሁን አይሁን እጄ ላይ አለ። ጓደኛዬ ይሄን ስነግራት ሳቀችብኝ። የሷ የአልፓካ (ግመል መሰል የደቡብ አሜሪካ እንስሳ ፀጉር) ሻርፕ ማሽን ውስጥ ከገባ በኋላ ግን መሳቋን ትታለች።

ጥጥ፣ የሱቁና የእናቴ

ጥጥን ማንም ያጥበዋል። እርጥብ ሲሆን እንዲያውም ይጠነክራል፣ ፍል ውሃ አይፈራም። ችግሩ ሌላ ነው፤ አይለጠጥም፣ ይከብዳል። ሙሉ የአዋቂ ሹራብ በጥጥ ብትሠሩ በሦስተኛው ወር በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። መርፌ ላይም እጅ ያደክማል፣ ክሩ ስለማይሰጥ። ለሕፃን ብርድ ልብስ፣ ለቦርሳ፣ ለዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ፣ ለዳንቴል ግን ወደር የለውም።

ለዳንቴል የሚሆነው የሚያብረቀርቀው ነው፣ መርሰራይዝድ የሚባለው። ጆን መርሰር የተባለ እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ያገኘው ዘዴ ነው፤ ጥጡን ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ መንከር። ብርቀቱ የመጣው ግን ቆይቶ፣ ክሩን ወጥረው መንከር ሲጀምሩ ነው። የዳንቴሉ አበባ ቅርጹን ይዞ የሚቆምላችሁ በዚህ ክር ነው። ተራው ጥጥ ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ይተኛል።

አሁን ወደ እናቴ ክር። ሦስት ልቃቂት ሰጥታኛለች፣ በእንዝርት የፈተለችው፣ ነጭ ሳይሆን ትንሽ ወደ ክሬም የሚያደላ። ለጋቢ ማግ ብላ የጀመረችው ነው። መጀመሪያ እንዳገኘሁት መርፌ ላይ አወጣሁትና በአራተኛው መስመር ተበጠሰ። ቀጠልኩት፣ ተበጠሰ። በክሩ ተናደድኩ፣ ከዛ እናቴ ሰምታ በኔ ተናደደች። «ማግ እኮ ነው! ሸማ ላይ ድሩ ነው የሚወጠረው፣ ማግ መሀል ገብቶ ነው የሚተኛው።» እውነቷን ነው። ድር መወጠር ስላለበት ጠንክሮ ይከርራል፤ ማግ ሙቀትና ልስላሴ እንዲሰጥ ላላ ብሎ ነው የሚፈተለው። መርፌ ደግሞ ክርን ይጎትታል።

መፍትሔውን ያሳየችኝም እሷ ናት። ሁለቱን ክር ጎን ለጎን ይዛ በእንዝርቱ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ አከረረችው። መጀመሪያ ወደ ቀኝ የተፈተለ ከሆነ ሲደረብ ወደ ግራ ነው፣ ያኔ ሁለቱ ተቃቅፈው ይቆማሉ። በአንድ አቅጣጫ ከሆነ ግን ተጠማዞ ተጠማዞ እንደ እባብ ይጠቀለልባችኋል። ክንዴን የሚያህል ርዝመት ሠራችና በሁለት እጇ ጎተተችው፤ አልተበጠሰም። እኔ ደግሞ ይሄን ለመማር ሦስት ከሰዓት ፈጀብኝ። ሦስቱ ልቃቂት ሲደረብ ግማሽ ስለሚሆን ከሱ የሚወጣው አንድ የልጅ ኮፍያና ምናልባት ካልሲ ነው። በቂ ነው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ

ቅልቅል ክር። 75 በመቶ ሱፍ፣ 25 በመቶ ናይለን ከሆነ የካልሲ ክር ነው፣ ለካልሲ ተዉት። ናይለኑ ተረከዝ ላይ እንዳይሳሳ ነው የገባው። አልፓካ ይሞቃል፣ ግን ላስቲክነት ስለሌለው ይወርዳል፤ ለሻርፕ እሺ፣ ለሹራብ እንጃ። ሞሄር የፍየል ፀጉር ነው፣ ደመና ይመስላል፣ ከተሳሳታችሁ ግን ፀጉሩ ተያይዞ መተርተር መከራ ነው። ለጀማሪ በስጦታ የሚሰጥ ሰው ጠላት ነው።

ወረቀቱ ከጠፋ

ከ43ቱ ውስጥ 11ዱ ምን እንደሆኑ የማላውቃቸው ነበሩ። ገና ስትገዙ ከምን እንደተሠራ የተጻፈበትን ወረቀት ቁረጡና ከክሩ ጋር እሰሩት፣ የኔ ምክር ይሄ ነው፣ ግን ማንም አያደርገውም። ስለዚህ እሳት።

ጣት የምታህል ቁራጭ፣ በወረንጦ፣ የብረት ሳህን ላይ፣ አጠገባችሁ ውሃ አድርጋችሁ። ሱፍ ከሆነ ሽታውን ታውቁታላችሁ፤ በዓል ሲመጣ የበግ ጭንቅላትና እግር ሲለበለብ ግቢውን የሚሞላው ያ ሽታ ነው። እሳቱን ስታነሱለት ራሱ ይጠፋል፣ ዐመዱ በጣት ይፈርሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ጧፍ ሲጠፋ የሚሸተውን ይሸታል፣ ዐመዱ ግራጫና ብናኝ ነው። አክሪሊክ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ የማይፈርስ ጥቁር ጠጠር ይሆናል። ቅልቅል ከሆነ ሁለቱንም ያሳያችሁና ግራ ያጋባችኋል።

እሳት የማይመቻት ጓደኛዬ በበረኪና ነው የምትለየው። ቁራጯን ብርጭቆ ውስጥ በበረኪና ዘፍዝፎ ማስቀመጥ ነው፤ ንጹህ ሱፍ ከሆነ ቀስ እያለ ሟምቶ ይጠፋል፣ ጥጥና አክሪሊክ ይቀራሉ። መጀመሪያ ሳየው ደነገጥኩ። ሱፍን በበረኪና ማጠብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ። መስኮት ክፈቱ፣ ከሌላ ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ።

ይበቃል ወይ?

የትኛውም ክር ቢመረጥ፣ ካልበቃ ዋጋ የለውም። የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ ጨርሳችኋል። መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር 100 ግራሙ 200 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ የካልሲው ቀጭን ክር ደግሞ 400። ለአዋቂ ሹራብ በመካከለኛው ክር ከ1,000 እስከ 1,400 ሜትር አስቡ፣ እንደ ሰውየው። ለአንድ ዓመት ልጅ 300 ሜትር አካባቢ፣ ለኮፍያ አንድ ባለ 100 ግራም ጥቅል። እኔ ሁሌ አንድ ጥቅል እጨምራለሁ፣ ጎተራው የሞላውም በዚሁ ነው።

ወረቀቱ ላይ የቀለም ዙር ቁጥር አለ፣ እሱን አትርሱ። ቀለሙ ያው ሰማያዊ ቢሆንም በሌላ ዙር የተነከረ ክር ትንሽ ይለያል። ሱቅ ውስጥ በአምፖል አይታይም። ቀን ፀሐይ ላይ ስትወጡ ደረታችሁ ላይ ድንበር ይሠራል። ቁጥሩ የሚለያይ ክር ብቻ ካላችሁ ሁለት መስመር ከአንዱ፣ ሁለት መስመር ከሌላው እያፈራረቃችሁ ሥሩ፣ ዓይን ይታለላል።

እንግዲህ ለማን የትኛውን?

የሕፃን ልብስ፣ እናትየው ሥራ የምትሄድ ከሆነች ወይም የሚያጥብላት ሌላ ሰው ከሆነ፦ ጥሩ አክሪሊክ ወይም ሱፐርዎሽ፣ ከሁለቱ የሚገኘውን። እናትየው ራሷ ሹራብ ሠሪ ከሆነች ሱፍ ስጧት፣ ታለቅሳለች። ለአባቴ ኮፍያ ሱፍ ነው፣ ምክንያቱም ኮፍያ በዓመት አንዴ ቢታጠብ ነው፣ እሱም በኔ። ሆስቴል ለሚገባ ተማሪ አክሪሊክ፣ አትከራከሩኝ። ለሶፋና ለቴሌቪዥን ዳንቴል የሚያብረቀርቀው ጥጥ። ለራሳችሁ የፈለጋችሁትን፣ ያችን ውድ የሆነችውን ጭምር። ውድ ክር «ለክፉ ቀን» ተብሎ ሻንጣ ውስጥ ሲቀመጥ አንድ ቀን ብል ያገኘዋል፤ የሚበላውም የሚበረው ሳይሆን ትሉ ነው፣ ሱፍና ሐር ይወዳል። ከጥርጣሬ ለመዳን አዲስ የመጣ ሱፍ በፌስታል አጥብቄ አስሬ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት አሳድረዋለሁ። ባለቤቴ ሥጋ ፍለጋ ከፍቶ ሰማያዊ ሞሄር ይዞ ሲወጣ ማየት ነበረባችሁ።

እህቴ ሁለተኛ ወልዳለች። ለዚህኛው ከመርካቶ የገዛሁትን ቢጫ አክሪሊክ ነው ያወጣሁት፤ ናሙናው ቤታቸው ሁለት ጊዜ ታጥቦ ምንም ሳይሆን ተመልሷል። የመጀመሪያው፣ የተኮማተረው የሜሪኖ ሹራብ፣ አሁንም አለ። አልጣልነውም። ጠጥሮ ስለተያያዘ በመቀስ ሲቆረጥ አይተረተርም፣ ሙቀትም አያሳልፍም፤ እህቴ ጀርባውን በአራት ማዕዘን ቆርጣ የጀበና መያዣ አድርጋዋለች። የቅቤ ቀለሙ ቡና ጠጥቶ ጠይሟል። እጅጌዎቹን እኔ ወስጃቸዋለሁ፣ ፌስታሉ ውስጥ ናቸው።